ፎርጂድ ዕቃ በኦንላይን ሲሸጥ ተጠያቂው ማን ነው?

ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ቦሌ አራብሳ ለሚኖር ሰው መርካቶ ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የታክሲው ሰልፍና የመንገዱ ርዝመት ሲደመር፣ ጫማውንም ቻርጀሩንም የልጆቹን ቦርሳም በቴሌግራምና በቲክቶክ ማዘዝ ይቀለዋል። ችግሩ ብዙ ሻጮች ለመሀል ከተማና ለዳር ከተማ አንድ ዓይነት አሠራር የላቸውም። ለቦሌና ለሜክሲኮ «አይተው ይክፈሉ» ይባላል፤ ለዳር ከተማ ግን «ቅድሚያ ክፍያ፣ የዴሊቨሪ ተጨማሪ»። የዳሩ ገዢ ዕቃውን በዓይኑ የሚያየው ገንዘቡን በቴሌብር ከላከ በኋላ ነው። ሞተረኛው ከሄደ፣ ፌስታሉም ከተፈታ በኋላ የጫማውን ሶል በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ይላቀቃል።

ቅሬታ ሲነሳ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል። ሻጯ «እኔም ከአስመጪ ነው የተቀበልኩት» ትላለች። የቻናሉ ባለቤት «እኔ ማስታወቂያ ለጠፍኩ እንጂ አልሸጥኩም» ይላል። ሞተረኛው አድራሽ ነኝ፣ ሻጯ ገንዘብ እንድትቀበልበት የባንክ ሒሳቡን ያዋሰው ደግሞ ዘመዴ ነች ባይ ነው። ሕጉ ግን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ምን አደረግህ? ምን ታውቅ ነበር? የተጠያቂነቱ ልክ የሚወሰነው በእነዚህ በሁለቱ መልስ ነው።

ፎርጂድ የሚባለው የትኛው ነው?

በገበያው ቋንቋ ፎርጂድ፣ ኮፒ፣ ማስተር ኮፒ፣ ፌክ እየተባለ ሁሉም ይደባለቃል። በሕግ ዓይን ግን መለየት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

ሐሰተኛ ዕቃ የሚባለው የሌላ ሰው የተመዘገበ የንግድ ምልክት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተለጠፈበት ነው። የንግድ ምልክት ማለት ስሙ፣ ዓርማው፣ አንዳንዴም ቀለሙና አጻጻፉ ነው፤ የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ከሌላው የሚለየው እሱ ነው። ዕቃው ጥሩም ቢሆን መጥፎ፣ ምልክቱ ያለ ፈቃድ ከተለጠፈ ሐሰተኛ ነው። ለዓመታት የሚያገለግል፣ በጥሩ ቆዳ የተሠራ ጫማ እንኳ ዓርማው የሌላ ከሆነ ከዚህ አያመልጥም።

የኮንትሮባንድ ዕቃ ሌላ ነው። ኦሪጂናል ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ቀረጥ ሳይከፈልበት መግባቱ ነው፤ የሚዳኘውም በጉምሩክ ሕግ ነው። ጥራቱ የወረደ ዕቃም ሌላ ነው። የራሱን ስም ይዞ የመጣ ርካሽ ቻርጀር መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ የማንንም ምልክት ግን አልሰረቀም። በመልኩ ታዋቂውን የሚመስል፣ ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ የተለየ ዕቃ ደግሞ «ተመሳስሎ የተሠራ» ይባላል። ሸማቹን ሊያደናግር የሚችል ከሆነ እሱም የምልክቱን ባለቤት መብት ይነካል።

በአገራችን ዋናው ሕግ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ምዝገባውን የሚያካሂደው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ አንድ ምዝገባ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ሶፍትዌር፣ መጽሐፍ፣ ፊልምና ሙዚቃ ከሆነ ጉዳዩ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይታያል።

የተበደለው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝግታ እንየው። በአንድ ፎርጂድ ጫማ ሽያጭ ሁለት ሰዎች ይጎዳሉ። አንዱ ገንዘቡን ከፍሎ ያላሰበውን ያገኘው ገዢ ነው። ሌላው ስሙ የተወሰደበት የምልክቱ ባለቤት ነው። መብታቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱ ይቅር ቢል የሌላው አይቀርም።

ገዢው የሚጠይቀው በሸማች ሕግና በውል ሕግ ነው፤ ገንዘቤን መልስ፣ ዕቃውን ቀይር፣ ጉዳቴን ካስ። የምልክቱ ባለቤት የሚጠይቀው በንግድ ምልክት ሕግ ነው። ፍርድ ቤት ሽያጩን እንዲያግድለት፣ ዕቃው እንዲያዝና ካሳ እንዲከፈለው ያመለክታል። አዋጁ ካሳውን ሲያሰላ ጥሰቱን የፈጸመው ሰው ያገኘውን የተጣራ ትርፍ፣ ወይም ፈቃድ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ይከፍል የነበረውን የፈቃድ ክፍያ መነሻ ያደርጋል።

ሦስተኛው ከሳሽ መንግሥት ነው። በአዋጅ 501/1998 የተጠበቀን መብት ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ዕቃው ተይዞ ይወረሳል፤ ሊወድምም ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 720 የሌላውን ምልክት አስመስሎ የሠራውን ብቻ ሳይሆን፣ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ የሸጠውን፣ ለሽያጭ ያቀረበውንና ያስገባውን ጭምር ይቀጣል። «ለሽያጭ ያቀረበ» የሚለውን ልብ ይበሉ። ገና አንድም ሳይሸጥ ፎቶውን ከነዋጋው ቻናል ላይ መለጠፍ ዕቃውን ለሽያጭ ማቅረብ ነው።

«ኮፒ ነው ብዬ ጽፌያለሁ» ማለት ያድናል?

ብዙ ወጣት ሻጮች በቅን ልቦና የሚሉት ነገር ነው። ከፎቶው ሥር «ማስተር ኮፒ» ወይም «ኤ ፕላስ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ማንንም አላታለልኩም ይላሉ።

ከሁለቱ ተበዳዮች አንጻር ሲታይ መልሱ ግልጽ ነው። ገዢው ኮፒ መሆኑን አውቆ ከገዛ «ኦሪጂናል ነው ብለህ ሸጥክልኝ» ሊል አይችልም። በዚያ በኩል ጽሑፉ ይጠቅማል። የምልክቱ ባለቤት ግን ፈቃድ አልሰጠም፤ በሻጩና በገዢው መካከል የተደረገ ስምምነት እሱን አያስገድደውም። ይባስ ብሎ ያ ጽሑፍ ሻጩን ይጎዳዋል። ዐቃቤ ሕግ በንግድ ምልክት ክስ ለማስረዳት የሚቸገርበት ነገር የሻጩ ዕውቀት ነው፤ «ማስተር ኮፒ» ብሎ የጻፈ ሻጭ ማወቁን በራሱ እጅ አስፍሯል። በከባድ ቸልተኝነት ሊታይ ይችል የነበረ ጉዳይ ሆን ተብሎ ወደተፈጸመ ይሻገራል። ልዩነቱ ከ1 ዓመት በሚጀምርና ከ5 ዓመት በሚጀምር ቅጣት መካከል ነው።

ዓርማውን በፎቶው ላይ በስቲከር መሸፈን ወይም ስሙን በነጥብና በኮከብ ቆራርጦ መጻፍም አያድንም። ዕቃው ላይ ያለው ምልክት አልተነሳም፤ መደበቁ ራሱ ማወቅን ያሳያል።

ሻጩ ራሱ ተታሎ ቢሆንስ?

ይህ በእርግጥ የሚደርስ ነገር ነው። ቤቷ ሆና ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትሸጥ ወጣት አስመጪውን አታውቀውም። ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ደርዘን ጫማ ትወስዳለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ትለጥፋለች። ኦሪጂናል ነው ተብላ ከተታለለች ሆን ብላ አልጣሰችም። ቀጣዩ ጥያቄ ግን ይመጣል፤ ማወቅ ነበረባት ወይ? ማንም ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባውን ምልክት አይታ ዝም ብላ ከሆነ ያ ከባድ ቸልተኝነት ነው።

መርማሪ የሚያያቸው ምልክቶች ብዙ ናቸው። ዋጋው ከትክክለኛው ዕቃ ዋጋ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር? ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ አልሰጥም አለ? ካርቶኑ ለብቻው ታጥፎ፣ ሌብሉ ለብቻው በጥቅል መጣ? በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ የሦስት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ጫማ በአንድ ዓይነት ሶል ተሠርቶ ተገኘ? የመጨረሻው በተለይ ጠንካራ ምልክት ነው፤ ተፎካካሪ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሶል አይጠቀሙም።

ሻጯን ከሁሉ በላይ የሚጠብቃት ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ካላት ራሷ ለገዢው መልሳ ከፍላ ወደ ጅምላ ሻጩ ልትዞር ትችላለች፤ በወንጀልም የዕቃውን ምንጭ አሳይታ ቅንነቷን ታስረዳለች። ያለ ደረሰኝ የገዛች ከሆነ ሰንሰለቱ እሷ ላይ ይቆማል። የሸማች ሕጉ ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ መሸጥን ራሱን ይከለክላል፤ «ከየት እንደመጣ አላውቅም» የሚለው መልስ ለመከላከያ የታሰበ ቢሆንም ሌላ ጥፋትን ማመን ነው።

«ሱቅ ስለሌለኝ ንግድ ፈቃድ አያስፈልገኝም» የሚለው እምነትም ስህተት ነው። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለሥራው ነው እንጂ ለግድግዳው አይደለም። ለትርፍ በቋሚነት የሚሸጥ ሰው በቴሌግራምም ቢሸጥ ነጋዴ ነው፤ ያለ ፈቃድ መነገድም ለብቻው ወንጀል ነው።

ቻናሉ፣ ሞተረኛውና ሒሳብ ያዋሰውስ?

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ መፍረድ አይቻልም።

የቻናሉ ባለቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሌላ ሻጭ ፎቶ ለጥፎ፣ ትዕዛዙን ራሱ ተቀብሎ፣ ዋጋ ጨምሮ ወይም ኮሚሽን ቆርጦ የሚያስተላልፍ ነው። ይህ ሰው ዕቃውን በእጁ ባይነካም ሻጭ ነው፤ ገዢው የተዋዋለው ከእሱ ጋር ነው። ሌላው ለማስታወቂያ ቦታ ብቻ ክፍያ ተቀብሎ የሻጩን ስልክ የሚለጥፍ ነው። የእሱ ኃላፊነት ጠባብ ነው፤ ዕቃው ፎርጂድ መሆኑን እያወቀ ከለጠፈ ወይም ከተነገረው በኋላ ካላነሳ ግን ይሰፋል። በወንጀል ሕጉ፣ ወንጀል ፈጻሚን እያወቀ በመረጃ፣ በምክር፣ በመሣሪያ ወይም በሌላ መንገድ የረዳ ሰው አባሪ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ አንድን ጉዳት ያደረሱ ሰዎች ካሳውን በአንድነትና በነጠላ ይከፍላሉ፤ አነሳሹ፣ ዋናው ፈጻሚና ረዳቱ አይለዩም። «በአንድነትና በነጠላ» ማለት ተበዳዩ ሙሉውን ገንዘብ ከአንዳቸው መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። የከፈለው ከሌሎቹ ድርሻቸውን ይጠይቃል።

«ኦሪጂናል ነው፣ እኔም እለብሰዋለሁ» ብሎ በቲክቶክ የሚያስተዋውቅ ታዋቂ ሰውም በዚሁ ሚዛን ይታያል። አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ ሕጉም በሸማች ሕጉም የተከለከለ ነው።

ሞተረኛው የታሸገ ፌስታል ተቀብሎ ያደረሰ ብቻ ከሆነ ውስጡን የማወቅ ግዴታ የለበትም። ሻጩ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ደብቆ ከተገኘ፣ ወይም ዕቃውን ቤቱ የሚያከማች ከሆነ ነገሩ ይለወጣል።

ሒሳብ ማዋስ ግን ከሁሉም በላይ አደገኛ ነው፤ የሚያስቡበትም ጥቂት ናቸው። ገንዘቡ የገባው በማን ስም ነው? ፖሊስ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ስም ነው። የቴሌግራም ስም በሰከንድ ይቀየራል፤ የባንክና የቴሌብር ስም ግን ከመታወቂያ ጋር የተያያዘ ነው። «ለዘመዴ ነው ያዋስኩት» ያለ ሰው አለማወቁን ለማሳየት ብዙ መድከም ይኖርበታል፤ በየሳምንቱ ከማያውቃቸው አሥራ አምስት ሃያ ሰዎች ገንዘብ እየገባለት ከነበረ ደግሞ ይበልጥ ይከብደዋል።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ራሳቸው አይጠየቁም?

በዓለም ላይ አከራካሪው ጥያቄ ይኸው ነው። የገበያ መደብ አከራይን ያስቡ፤ መደቡን ተከራይቶ የተሰረቀ ዕቃ የሸጠ ሰው ካለ አከራዩ በጠዋት አያውቅም ይሆናል። ሰዎች መጥተው «ያኛው መደብ ላይ የተሰረቀ ዕቃ አለ» ካሉት በኋላ ግን ኪራዩን እየሰበሰበ ዝም ማለት አይችልም። ብዙ አገሮች የደረሱበት ሐሳብ ይህን ይመስላል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ቲፋኒ የተባለው የጌጣጌጥ ኩባንያ ኢቤይ በተባለው የኦንላይን ገበያ ላይ ባቀረበው ክስ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ መድረኩ (የመሸጫ ገጹ) እንዲጠየቅ ፎርጂድ እንዳለ በጥቅሉ ማወቁ እንደማይበቃ፣ የትኛው ማስታወቂያ ሐሰተኛ እንደሆነ ማወቅ እንዳለበት ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በመዋቢያ ኩባንያው ሎሪያል እና ኢቤይ ክርክር፣ መድረኩ ማስታወቂያውን በማሻሻልና በማስተዋወቅ ንቁ ተሳትፎ ካደረገ ከኃላፊነት ነፃ ነኝ ማለት አይችልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በጫማ ዲዛይነሩ ሉቡታን እና በኦንላይን ገበያው አማዞን ጉዳይ፣ መድረኩ የራሱንና የሌሎችን ዕቃ ሳይለይ እያቀላቀለ ካቀረበ፣ ገዢው ሻጩ አማዞን ራሱ ነው ብሎ ሊያስብ የሚችል ከሆነ መድረኩ ራሱ ምልክቱን እንደተጠቀመ ሊቆጠር ይችላል አለ። እዚህ አገር ብዙ ዕቃ የሚመጣባት ቻይና እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የኢ-ኮሜርስ ሕግ አላት፤ የሚያውቅ ወይም ማወቅ የሚገባው መድረክ እርምጃ ካልወሰደ ከሻጩ ጋር በአንድነት ይጠየቃል።

የእኛ የንግድ ምልክት አዋጅ በ1998 ሲወጣ የኦንላይን ገበያ በአገሩ እምብዛም አልነበረም፤ ስለ መድረክ የሚለው ነገር የለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ ሕገ ወጥ ይዘት እያወቀ ካላነሳ ይጠየቃል ይላል፤ ያ ድንጋጌ ግን የተያያዘው ከሕፃናት ወሲባዊ ምስል፣ ከማስፈራራትና ከሕዝብ ደኅንነት ወንጀሎች ጋር እንጂ ከፎርጂድ ዕቃ ጋር አይደለም። ስለዚህ ቢሮው ውጭ አገር የሆነን መድረክ እዚህ ከሶ ገንዘብ ማስመለስ ለአንድ ገዢ የማይታሰብ ነው። ይህ በግልጽ መሞላት ያለበት የሕግ ክፍተት ነው። እስከዚያው የሚቀረው የየመድረኩ የራሱ የአቤቱታ ቅጽ ነው፤ እዚያም አንድ ወጥመድ አለ። «አእምሯዊ ንብረት» የሚለውን ቅጽ የሚቀበሉት ከምልክቱ ባለቤት ወይም ከወኪሉ ብቻ ነው። ገዢው በዚያ በኩል ከላከ ውድቅ ይሆንበታል፤ እሱ መምረጥ ያለበት «ማጭበርበር» የሚለውን ነው።

ገዢውስ ጥፋተኛ ነው?

ለራሱ ሊለብሰው የገዛ ሰው የንግድ ምልክት አልጣሰም፤ ጥሰት የሚሆነው ምልክቱ ለንግድ ሲውል ነው። አሥር ገዝቶ ለጎረቤት እየጨመረ የሸጠ ግን ገዢ መሆኑ ቀርቷል።

የተታለለ ገዢ ከየት ይጀምር?

ከማስረጃ ይጀምር፤ ያውም ሻጩን ከመናገሩ በፊት። በቴሌግራም የግል ውይይት ሻጯ መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ትችላለች። «ፎርጂድ ነው የላክሽልኝ» የሚል ቁጣ እንደደረሳት መጀመሪያ የምታደርገው ይህን ነው። ስለዚህ አስቀድመው መልእክቶቹን ወደ ራስዎ «የተቀመጡ መልእክቶች» (ሴቭድ ሜሴጅስ) ፎርዋርድ ያድርጉ፤ ዋናው ቢጠፋ የተላለፈው ቅጂ ይቀራል። የቻናሉን ስም፣ መለያውን፣ የለጠፈውን ማስታወቂያ ከነዋጋውና ከነቀኑ ስክሪንሹት ያንሱ። የማስታወቂያውን ሊንክም ቀድተው ያስቀምጡ። ኮምፒዩተር ካለ የቴሌግራም የዴስክቶፕ መተግበሪያ ሙሉውን ውይይት በፋይል ያወርዳል፤ ከተበታተነ ስክሪንሹት ይሻላል፤ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይወጣልና።

ከ127 የመጣውን የቴሌብር የጽሑፍ መልእክት ወይም የባንኩን ደረሰኝ ከነግብይት ቁጥሩ አያጥፉ። የሞተረኛውን ስልክና የሰሌዳ ቁጥር ይመዝግቡ። የሚቻል ከሆነ ፌስታሉን ሞተረኛው ፊት ቪዲዮ እየቀረጹ ይፍቱ፤ «ቀይረህ ነው የመለስክልን» የሚለውን መልስ አስቀድሞ ይዘጋል። ዕቃውን ከነካርቶኑና ከነሌብሉ ያቆዩ፤ ተናዶ የጣለው ሰው ዋና ማስረጃውን ጣለ።

ማስረጃው ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ አይናቅም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በቴሌግራም የተደረገ ስምምነት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳያጣ ይደነግጋል።

ቻርጀር ከሆነ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌብሉ ላይ 9 ቮልት፣ 2.77 አምፔር ከተባለ 25 ዋት ገደማ መስጠት አለበት። 25 ዋት መቀበል የሚችልና ባትሪው ያለቀ ስልክ ተሰክቶበት፣ በጥቂት ብር የሚገዛ የዩኤስቢ መለኪያ 5 ቮልትና 1 አምፔር ብቻ ካሳየ 5 ዋት ነው፤ ሌብሉ የዋሸ ይመስላል። መለኪያውን ከቻርጀሩና ከስልኩ ጋር በአንድ ፎቶ ያንሱት። ቻርጀሩ ስልክዎን ወይም ሶኬትዎን ካቃጠለ ደግሞ ጥያቄው ከዋጋው ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለትርፍ የሚያመርት ሰው ዕቃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ፎርጂድ ያመረተውን ግን ማን ያገኘዋል? የሸማች ሕጉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩን፣ ችርቻሮውን ወይም በሌላ መንገድ በአቅርቦቱ የተሳተፈውን በአንድነት ወይም በተናጠል መጠየቅ ያስችላል።

ማስረጃው ሲሟላ ለሻጩ በጽሑፍ ይጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ቅድሚያ ከፍለው ዕቃው ከሳምንት በኋላ ከደረሰዎት ጊዜው ከክፍያው ቀን ቢቆጠር ግማሹ አልፏል፤ አይዘናጉ። «ከተሸጠ በኋላ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ይህን መብት አያጠፋም።

ካልመለሰ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ነው። ቀድሞ ራሱን የቻለ የሸማቾች ባለሥልጣን የነበረው መሥሪያ ቤት በ2014 ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል፤ በታች በክፍለ ከተማና በወረዳ ያሉት የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው የሚያጣሩት። ለ2,500 ብር ጫማ ጠበቃ ከማቆም ይህ ይሻላል። ሁለተኛው ፖሊስ ነው። ሻጩ ማንነቱን ደብቆ ወይም «ኦሪጂናል ነው» እያለ ፎርጂድ ልኮ ከሆነ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ሰውን ያታለለን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ መረጃን (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ) እንዲያቆዩ የሚገደዱት ለ1 ዓመት ነውና ክሱን ለከርሞ ማቆየት አይበጅም።

አዲስ አበባ ነው ወይስ ሸገር?

ለዳር ከተማ ነዋሪ ይህ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። ቦሌ አራብሳ ያለ ገዢ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ ግን በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በአንድ መንገድ ላይ አስፋልቱን የተሻገረ ሰው የተለየ ንግድ ጽሕፈት ቤትና የተለየ ፍርድ ቤት ያገኛል።

የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ የሚጠቅመው ሻጩ ፈቃድ ባወጣበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ሲቀርብ ነው፤ ፈቃዱን ማገድ የሚችለው ያ ጽሕፈት ቤት ነውና። ሻጩ መርካቶ ከሆነ የለገጣፎው ገዢ ወደ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ይሄዳል ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ክስ ግን ሰፋ ይላል፤ ተከሳሹ በሚኖርበት ብቻ ሳይሆን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ ይችላል። ሻጩ «ጣፎ አደርሳለሁ» ብሎ ከተስማማ ማስረከቢያው ጣፎ ነው፤ ስለዚህ የማስረከቢያውን ቦታ በመልእክት ማስጻፍ ዋጋ አለው። በሸገር ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈውን የቴሌግራም ውይይት ማስተርጎም እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ያስቡ።

መድኃኒት ወይም ቅባት ከሆነስ?

ገንዘብ ማስመለሱን ለጊዜው ይተዉትና መጀመሪያ መጠቀሙን ያቁሙ። መድኃኒት መሸጥ የሚችለው ፈቃድ ያለው ተቋም ብቻ ነው፤ መድኃኒትና መዋቢያን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። የገዙት በቴሌግራም የሚሸጥ የማቅጠኛ ወይም የቆዳ ማንጫ ምርት ከሆነ ዕቃውን ሳይጥሉ፣ የምርት ቁጥሩንና የማብቂያ ቀኑን ፎቶ አንስተው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ያሳውቁ። የታመመ ሰው ካለ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ ጠርሙሱን ይያዝ።

ሻጭ ሆነው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢደርስዎትስ?

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከምልክቱ ባለቤት ጠበቃ ነው፤ «ሽያጩን አቁም፣ ቀሪውን ዕቃ አስረክብ፣ ከማን እንደገዛህ ንገረን» ይላል። ከደብዳቤው በኋላ የሚሸጥ እያንዳንዱ ዕቃ እያወቁ የተሸጠ ነው፤ እስከዚያ ቀን የነበረው «አላውቅም ነበር» ከዚያ ቀን ወዲያ አይሠራም። ስለዚህ በዚያው ዕለት ማስታወቂያዎቹን ከማንሳትዎ በፊት ለራስዎ ቅጂ ይያዙና ያንሱ። ዕቃውን አይሽጡ፤ አይደብቁ፤ ለሌላ ሻጭም በርካሽ አያስተላልፉ። ደብዳቤውን የጻፈው የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን እንዲያሳይ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ምልክቱ በኢትዮጵያ መመዝገቡን፣ ምዝገባው ለየትኛው የዕቃ ዓይነት እንደሆነና 7 ዓመቱ ተላልፎ እንዳልሆነ ይመልከቱ። ለልብስ የተመዘገበ ምልክት ለቻርጀር በራሱ አይሠራም። ደረሰኞችዎን፣ ከጅምላ ሻጩ ጋር የተጻጻፉትንና የከፈሉበትን የባንክ ማስረጃ በአንድ ላይ ሰብስበው ወደ ጠበቃ ይሂዱ፤ ከሳሹ ፍርድ ቤት ሄዶ እርስዎ ሳይሰሙ ዕቃው እንዲያዝ የሚያደርግ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ማግኘት ስለሚችል ቀናትን አያሳልፉ።